እቴቴ ተኝታለች?

አስከሬኑ ከተነሳ አራት ቀን ሆኖታል፤ ወለሉ ግን ገና አልደረቀም። የዩኒቨርሲቲው አሮጌ የልብስ ማጠቢያ ክፍል ምድር ቤት ነው፤ መስኮት ስለሌለው የፈሰሰበት ውሃ መሄጃ አጥቶ ሲሚንቶው ላይ ይቆማል። መሀል ላይ አንድ ትልቅ የብረት መብራት በሦስት እግሩ ተተክሏል። ከእግሩ ሥር ሟቿ የወደቀችበት ቦታ በቢጫ ፕላስተር ተከልሏል።

ኢንስፔክተሯ ደፉ ላይ ቆም ብላ መጀመሪያ ወለሉን፣ ቀጥላ የራሷን ጫማ አየች። ሃምሳ ሊሞላት ጥቂት የቀራት፣ አጭር፣ ፊቷ የማይነበብ ሴት ናት። ባልደረቦቿ በሌለችበት «ወንፊት» ይሏታል፤ ገለባው እሷ ጋ ይቀራል ማለታቸው ነው። ታውቃለች፤ ከፍቷትም አያውቅም።

«የኤሌክትሪክ ኃይሉ ጠፍቷል?» አለች።

«ጠፍቷል፤ እኔው ነኝ ያጠፋሁት» አለ ሳጅኑ።

«ሂድና ደግመህ እየው።»

ሳጅኑ እያጉረመረመ ወደ ኮሪደሩ ወጣ። ኃይሉን የሚያጠፋው ብሬከር ከበሩ ውጭ፣ ግድግዳው ላይ፣ ክዳን በሌለው ሣጥን ውስጥ ነው። ከክፍሉ ውስጥ ሆኖ አይታይም።

የተማሪዎቹ አማካሪ መምህር ከኋላዋ ሰዓቱን እያየ ቆሟል። «ኢንስፔክተር፣ ነገሩን ማወሳሰብ ያስፈልጋል ብዬ አላስብም። አምስት ተማሪዎች ለመመረቂያቸው አሥራ ሁለት ደቂቃ ፊልም ይሠሩ ነበር። ለምሳ ሲወጡ ኃይሉን ማጥፋት የመብራት ባለሙያዋ ሥራ ነው። አላጠፋችም። ዳይሬክተሯ ቀድማ ተመለሰች፤ መብራቱን ነካች፤ ወለሉ እርጥብ ነው፤ አለቀ። ልጅቷ ራሷ ጥፋቷን በእጇ ጽፋ ፈርማለች። ወረቀቱ ዲኑ ቢሮ ነው። ኮሚቴው በዘጠኝ ሰዓት ይሰበሰባል። ከእናንተ የሚፈለገው ‹ሌላ እጅ የለበትም› የሚል አንድ መስመር ብቻ ነው።»

«ልጅቷ ምን ትሆናለች?»

«ትባረራለች። ከዚያ ወዲያ የሕግ ጉዳይ ነው። የሟች አባት ሳላሳስራት አልተኛም ብለዋል።»

ሳጅኑ ተመልሶ መጣ። «ጠፍቷል» አለና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ኢንስፔክተር፣ ልጅቷኮ አምናለች። ያመነን ሰው ምን እናድርገው፣ እንካድላት?»

«አሁን ስንት ሰዓት ነው?»

«አራት ተኩል።»

«እስከ ዘጠኝ ብዙ ጊዜ አለን» አለች ወንፊት። «አንድ በአንድ ጥራልኝ።»

ከላይ ባለ ባዶ መማሪያ ክፍል ተቀመጠች። መጀመሪያ የመጣችው የመብራት ባለሙያዋ ናት፤ ጓደኞቿ «ሽቦ» ይሏታል። ስሟ ለሥራዋም ለሰውነቷም ይሆናል። የጣቶቿ ጫፍ እዚህም እዚያም ተቃጥሎ ጠቁሯል። አራት ቀን እንዳልተኛች ዓይኗ ይናገራል።

«አጥፍተሽዋል ወይስ አላጠፋሽውም?»

«አጥፍቼዋለሁ።» ጣቶቿን አየችና፣ «መሰለኝ» አለች።

«በመጀመሪያው ቀን ምን ነበር ያልሽው?»

«አጥፍቼዋለሁ።»

«ያኔ መሰለኝ የለበትም።»

«ያኔ ማንም አልተቆጣኝም ነበር።» ሽቦ እጆቿን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋቻቸው፤ የሌላ ሰው ዕቃ እንደምታሳይ። «ሁሉም አላጠፋሽም ሲሉኝ ጊዜ እጄን ማመን አቃተኝ። ስበላ የነበረው ትዝ ይለኛል። የበሩ እጀታ ትዝ ይለኛል። ማጥፋቴ ብቻ አይመጣልኝም። በየቀኑ የሚያደርጉትን ነገር ማን ያስታውሳል?»

«መብራቱ ሳይበራ እንዴት ገደላት?»

«ያቺ መብራት በዕድሜ ከእኛ ትበልጣለች። ውስጧ ያለ ሽቦ ተልጦ አካሏን ነክቷል። የራሷ ማብሪያ ጠፍቶም ቢሆን ከግድግዳው ኃይል ካለ ትነክሳለች። ትቀየርልን ብለን ሁለቴ አመልክተናል። ስለዚህ ሕግ አወጣን። የሚነካት ሰው መጀመሪያ ይጠይቃል፤ ኮሪደሩ ላይ፣ ብሬከሩ ጋ ያለው ሰው አይቶ ይመልሳል። ሳይመለስለት ማንም አይነካትም።»

«ምን ብሎ ነው የሚጠይቀው?»

ሽቦ አፈረች። «የልጅ ነገር ነው። ‹እቴቴ ተኝታለች?› እንላለን።»

«እቴቴ ማን ናት?»

«መብራቷ።»

ኢንስፔክተሯ ነጭ ወረቀትና እስክሪብቶ ገፋችላት። «ይህን ሕግ ጻፊልኝ። ምን ተብሎ ይጠየቃል፣ ምን ተብሎ ይመለሳል። ከሁለት መስመር አይብለጥ።»

ሽቦ ጻፈች። *እቴቴ ተኝታለች? ተኝታለች።*

ኮሪደሩ ላይ መምህሩን አገኘችው። «እቴቴን ያውቋቸዋል?» አለችው እግረ መንገዷን።

«እቴቴ? የጽዳት ሠራተኛዋ ናቸው? ከእነሱ ጋር ብዙም አልተዋወቅንም።»

ሁለተኛው የካሜራ ባለሙያው ነው። ወንበሩ ላይ ተዘርፍጦ ተቀመጠ።

«አንድ ዓይና ይሉሃል አሉ።»

«ካሜራማን የሚሠራው በአንድ ዓይን ነው ብለው ነው። ሰሞኑን እሱም እምቢ ብሏል።»

«እንዴት?»

«ሦስት ቀን የቀረጽኩት በሙሉ ፎከስ የለውም። አለቃ የሞተችበት ዕለት ጠዋት አየችው።» ዳይሬክተሯን ሁሉም የሚጠራት «አለቃ» እያለ ነው። «‹ይህን የቀረጽከው በዓይንህ ነው በክርንህ?› አለችኝ፤ ሰው ሁሉ ፊት። ለመምህሩ ነግሬ አስወጣሃለሁም አለች።»

«ተናደድክ?»

«ሰው አይደለሁ? ግን ልክ ነበረች። የአለቃ ክፋቷ እሱ ነው፤ ሁልጊዜ ልክ ናት።»

«በምሳ ሰዓት የት ነበርክ?»

«ኤዲቲንግ ክፍል፣ ብቻዬን፣ ያንኑ ደብዛዛ ሳይ። ምስክር የለኝም።»

«አለቃ ሳይመለስላት መብራቷን ትነካ ነበር?»

አንድ ዓይና ሳቀ፤ ሳቁ ግን ጥርሱ ላይ ቀረ። «አለቃ? እኔ አንድ ቀን ሳልጠይቅ ብነካት ግማሽ ቀን ከቀረጻ አባርራኛለች። ሕጉን ያወጣችውኮ እሷ ናት።»

«ስሙንስ?»

«እሱንም እሷው። የመጀመሪያው ስክሪፕት ላይ ልብስ አጣቢዋ ሴትዮ ስሟ እቴቴ ነበር። አለቃ ‹ይህ ስም ለመብራቷ ነው የሚሆነው፤ አሮጊት፣ ከባድ፣ ሲነኳት የምትቆጣ› አለች። ሳቅን።»

«ስክሪፕቱን የጻፈውስ?»

«ሥርዝ? እሱም ሳቀ። ሥርዝ ሲሰድቡትም ይስቃል።»

ወረቀቱን ተቀብሎ ቸኩሎ ጻፈ፤ ፊደሉ ጫጭሮት ነው። *እቴቴ ተኝታለች? አዎ ተኝታለች።*

ሦስተኛዋ የድምፅ ባለሙያዋ ናት፤ ማዳመጫዋ እንደ አንገት ሐብል ከአንገቷ አይወርድም። «ጆሮ» ይሏታል። የተቀዳው ድምፅ ሁሉ የሚመዘገብበትን ወረቀት ራሷ ይዛ መጣች፤ ሥርዓት የምትወድ ልጅ ናት። ኢንስፔክተሯ ዝርዝሩን በጣቷ ተከትላ ወረደች።

«‹ዝምታ አንድ፣ አንድ ደቂቃ። ዝምታ ሁለት፣ አንድ ደቂቃ።› ዝምታም ይቀዳል እንዴ?»

«እንዴታ! እያንዳንዱ ክፍል የራሱ ዝምታ አለው። ንግግሩ ሲቆራረጥ መሀሉ ገደል እንዳይሆን የክፍሉን ዝምታ ከሥሩ እናነጥፋለን። እዚያ ክፍል ደግሞ ከባድ ነው፤ ብሬከሩ በርቶ ከሆነ የመብራቷ ሣጥን እዝዝ ይላል። በባዶ ጆሮ አይሰማም፤ በማዳመጫ ግን ያሳብዳል። ስለዚህ ኃይሉ ሲጠፋ ጠብቄ ነው የምቀዳው።»

«‹ዝምታ አራት፣ አርባ አንድ ደቂቃ።›»

ጆሮ ቀላች። «እሱ ስህተት ነው። ለምሳ ስንወጣ መቅጃውን ከማጠቢያው ማሽን ጀርባ አስነሥቼው ወጣሁ። አንድ ደቂቃ ብዬ ነበር፤ ራበኝና ረሳሁት። ስንመለስ አለቃን እንዲያ ሆና አየናት። ሁሉም ይጮሃል። እጄ በልማድ ሄዶ አቆመው።»

«አዳምጠሽዋል?»

«ዝምታን ማን ያዳምጣል?»

«ስታስነሺው ኃይሉ ጠፍቶ ነበር?»

«ማዳመጫውን አውልቄ ነበር። ሽቦ ‹ተኝታለች› ብላ ስትጮህ ሰምቻለሁ። ግን ማለትና ማድረግ አንድ አይደለም አሉ መምህሩ።» ዓይኗን ሰበረች። «ካፌም አብረን ነበርን፤ እጄን ልታጠብ ብላ አሥር ደቂቃ ጠፍታለች። እሱንም ነግሬያቸዋለሁ።»

«ለሽቦስ ነግረሻታል?»

«ለሷ ምን ብዬ?»

ጆሮም ጻፈች። *እቴቴ ተኝታለች? ተኝታለች።* ከሥሩም ሰዓቱንና ቀኑን አከለችበት።

የመጨረሻው ጸሐፊው ነው። ኢንስፔክተሯ ውሃ ጠጥታ ስትመለስ በሩ ላይ ቆሞ ጠበቃት፤ ወንበር ሳበላት። የሸሚዙ የመጨረሻ ቁልፍ እንኳ ተቆልፏል።

«ስክሪፕቱ ያንተ ነው?»

«የቡድኑ ነው።»

«መጀመሪያ የጻፈው ማን ነው?»

«እኔ ነኝ። ከዚያ ተሻሻለ።»

«ምኑ?»

«መጨረሻው። እኔ በጻፍኩት ላይ ልብስ አጣቢዋ ከሸሚዝ ኪስ ቀለበት ታገኛለች፤ ለባለቤቱ ትመልሳለች፤ ግን አያምኗትም። በተሻሻለው ላይ ትሰርቃለች።»

«የትኛው ይሻላል?»

«አለቃ ‹ሌባ ካልሆነች ፊልም የለም› ትል ነበር።»

«እኔ የጠየቅኩት አንተን ነው።»

ሥርዝ ፈገግ አለ። «ጸሐፊ ይጽፋል፤ ዳይሬክተር ይሠርዛል። ደንቡ ነው።»

«መብራቷን ነክተህ ታውቃለህ?»

«መብራቱን? አንድ ሁለቴ አንስቼዋለሁ። ከባድ ነው።»

«በምሳ ሰዓትስ?»

«ቤተ መጻሕፍት ነበርኩ፤ ሦስተኛ ፎቅ።»

«ማን አየህ?»

«መጻሕፍቱ።»

ወረቀቱን ተቀበለ። ጥያቄውን ጻፈ። መልሱን ጻፈ፤ ቆም አለ፤ የጻፈውን ምንም እስከማይታይ ድረስ በጥንቃቄ ሠረዘ፤ ከጎኑ እንደገና ጻፈ። «ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ልማድ ሆኖብኝ ነው። ሥርዝ የሚሉኝ ለዚህ ነው» አለ። *እቴቴ ተኝታለች?* ከዚያ አንድ ጥቁር ድልዝ። *ተኝታለች።*

ሰባት ሰዓት ላይ ኢንስፔክተሯ መኪናው ውስጥ ማዳመጫ ጆሮዋ ላይ አድርጋ «ዝምታ አራት»ን ማዳመጥ ጀመረች። ጆሮን አጠገቧ አስቀምጣታለች፤ ለሷም ሁለተኛ ማዳመጫ ተሰክቶላታል። ሳጅኑ የፊት ወንበር ላይ ዓይኑን ጨፍኗል።

በር ተዘጋ። ከዚያ ምንም። ወንፊት ብዙ ዓይነት ዝምታ ሰምታለች፤ የሚዋሽ ሰው ዝምታ፣ የሚስት ዝምታ፤ እንዲህ ባዶ የሆነ ግን ሰምታ አታውቅም። የሆነ ቦታ ውሃ ጠብ ይላል።

አምስት ደቂቃ ያህል እንዳለፈ ጆሮ እጇን አፏ ላይ አደረገች።

«ምን ሆንሽ?»

«እዝዝታ የለም» አለች። «ኃይሉ ጠፍቷል። ሽቦ አጥፍታዋለች።» እንባዋ መጣ። «ሽቦ አጥፍታዋለችኮ!»

«አልቅሰሽ ስትጨርሺ አዳምጪ።»

አሥራ ዘጠነኛው ደቂቃ ላይ ኮሪደሩ ውስጥ ቀጭ የሚል ድምፅ ተሰማ። ወዲያው፣ ሩቅ እንደሚዞር ንብ፣ እዝዝታው ጀመረ። ሃያ ሁለተኛው ደቂቃ ላይ ፈጣን የሴት እርምጃ ገባ። አንድ ነገር ወለሉ ላይ ተጎተተ። ቀጥሎ የትእዛዝ ልማድ ያለበት ወጣት ድምፅ ጮክ ብሎ ጠየቀ፦ «እቴቴ ተኝታለች?»

ከኮሪደሩ በኩል ዝቅ ያለ መልስ መጣ። አንድ ቃል ነበር።

ኢንስፔክተሯ የጆሮን ማዳመጫ ነቀለችባት፤ ቀጥሎ የሚመጣውን ልጅቷ መስማት የለባትም። ራሷ እስከ መጨረሻው ሰማችው። ከውድቀቱ በኋላ ኮሪደሩ ላይ አንድ ሰው ሄደ። አልሮጠም።

«ድምፁ የማን ነው?» አለች መልሱን ደግማ እያሰማቻት።

«አይለይም። ያ ኮሪደር ድምፅ ይበላል። ወንድ ይሁን ሴት እንኳ አይታወቅም።»

ወንፊት ቃሉን ሦስት ጊዜ ሰማችው። ከዚያ አራቱን ወረቀቶች አወጣች፤ አንዱን ገልብጣ ጀርባውን በጣቷ ዳበሰችው፤ ወደ መስኮቱ ብርሃን አዙራ አየችው። ሳጅኑን የተማሪዎቹን ማኅደር ጠየቀችው፤ ከአንዱ ላይ የወላጅ ስልክ አገኘችና ከመኪናው ወርዳ ደወለች።

«ሃሎ?» የአሮጊት ድምፅ ነው። «ከልጄ ትምህርት ቤት? ልጄ ምን ሆነ?»

«ደህና ነው እናቴ። ፖሊስ ነኝ፤ ግቢው ውስጥ ስለሞተችው ልጅ ሁሉንም ተማሪ እየጠየቅን ነው።»

«እሷን ምስኪን ሰማሁ፤ አንጀቴ ነው የተቃጠለው።»

«አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ልጅዎ ቤት ውስጥ ምን ብሎ ነው የሚጠራዎት?»

ሴትዮዋ ሳቁ። ይህ ደግሞ ምን ጥያቄ ነው አሉ፤ ግን መለሱ። ከዚያ ሳይጠየቁ ለምርቃቱ ቀሚስ ማሰፋታቸውን ነገሯት። ኢንስፔክተሯ ስልኩን ዘጋች፤ መኪናው ውስጥ ስትገባ ሳጅኑን ቀና ብላ አላየችውም።

«ሁሉንም ማጠቢያው ክፍል ሰብስብልኝ» አለችው።

ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ሁሉም ግድግዳ ግድግዳውን ይዘው ቆሙ። ቢጫውን ፕላስተር የሚረግጥ አልነበረም። ሽቦ ብቻዋን ጥግ ይዛለች። ሥርዝ አጠገቧ ሄዶ የውሃ ጠርሙስ ሰጣት፤ ተቀበለችው።

«ኮሚቴው ግማሽ ሰዓት ቀርቶታል» አለ መምህሩ።

«ይበቃናል። ከአለቃ እንጀምር። ይህች ልጅ ሳይመለስላት ያን ብረት የምትነካ ናት?»

«በጭራሽ» አለ አንድ ዓይና።

«እንግዲያው ተመልሶላታል ማለት ነው። ከኮሪደሩ አንድ ሰው ‹ተኝታለች› ብሏታል። አራት ቀን ሙሉ ኃይሉን ማን ረሳው እያላችሁ ስትጠይቁ፣ ማን መለሰላት ብሎ የጠየቀ አልነበረም።»

«ረስታ ሊሆን ይችላል፤ ሰው ይረሳል» አለ መምህሩ።

«ሰው ይረሳል። መቅጃ ግን አይረሳም።» ጆሮ መቅጃውን ከድምፅ ማጉያ ጋር አገናኘች። «ለምሳ ከወጣችሁበት ጀምሮ አሥራ ዘጠኝ ደቂቃ ኃይሉ ጠፍቶ ነበር። ሽቦ አጥፍታዋለች።»

ሽቦ እጆቿን ገለባብጣ አየቻቸው።

«ከዚያ አንድ ሰው መልሶ አበራው። አለቃ የገባችው ከሦስት ደቂቃ በኋላ ነው። በስህተት ያበራ ሰው ሦስት ደቂቃ ሙሉ ብሬከሩ አጠገብ ቆሞ ምን ይጠብቃል? ይህ ሰው አለቃ ከሁሉም ቀድማ እንደምትመለስ፣ መጀመሪያ መብራቷን እንደምታነሳ፣ ምን ብላ እንደምትጠይቅም ያውቃል። አሁን ስሙ።»

የሟቿ ድምፅ ክፍሉን ሞላው። «እቴቴ ተኝታለች?» ቀጥሎ ያ ዝቅ ያለ መልስ፦

«ተኝተዋል።»

ኢንስፔክተሯ አቆመችው።

«ምን አለ?» አለ አንድ ዓይና። «ተኝተዋል?»

«አዎ፤ በአንቱታ። እኔም መጀመሪያ ግራ ገባኝ። ገዳዩ ድምፁን አጥፍቶ ነው የተናገረው፤ ሰዋሰውን ግን ማጥፋት አይቻልም። ለአንድ የተላጠ ብረት አንቱ የሚል ማን ነው? ሦስታችሁ የጻፋችሁልኝ እዚህ አለ፤ ተኝታለች፣ ተኝታለች፣ ተኝታለች። መምህሩ እቴቴ የጽዳት ሠራተኛ መስለዋቸው ‹ናቸው› ብለውኛል፤ ግን እቴቴ ማን እንደሆነች የማያውቅ ሰው ‹የትኛዋ?› ይላል እንጂ ተኝተዋል አይልም። አንድ ወረቀት ይቀራል።»

ወረቀቱን አነሳችው። «እዚህ ላይ መልሱ ሁለት ጊዜ ተጽፏል። የመጀመሪያው ተደልዟል። ከፊት ለፊት ምንም አይታይም። እስክሪብቶ ግን ሲጫኑት ጀርባው ላይ ይወጣል። ‹ተኝተዋል› ይላል።»

ሁሉም ወደ ሥርዝ ዞሩ። ሥርዝ እጁን ኋላው አጣምሮ እንደ ጥሩ ተማሪ ቆሟል።

«ሌሎቹ ሁሉ ‹መብራቷ› ሲሉ አንተ ‹መብራቱ› ነበር የምትለው፤ እቴቴ የሚለው ስም ካፍህ አልወጣም» አለች ወንፊት። «ዛሬ ቤት ደወልኩ። እናትህ ልብስ አጥበው እንዳሳደጉህ ነግረውኛል፤ የምትጠራቸውም እቴቴ እያልክ ነው።»

«እናቴን ለምን?» አለ ሥርዝ። ድምፁ ለመጀመሪያ ጊዜ ከፍ አለ። «እሳቸው ጋ ለምን ደወሉ?»

«ሌላ መንገድ ስላልነበረኝ። ቀለበቱስ?»

ከኋላው ያጣመረውን እጁን ፈታ። «ስምንት ወር ታስረዋል» አለ። «ሰርቀው ነው። ልጅ ሆኜ አልሰረቁም እያልኩ ስደባደብ ነው ያደግኩት። ስክሪፕቱንም እንደዚያው ጻፍኩት። አለቃ ‹ይህ ውሸት ነው፣ እውነቱን ንገረኝ› አለችኝ፤ ነገርኳት። ለሷ ብቻ ነው የነገርኩት። በሳምንቱ ፊልሙ ውስጥ አገኘሁት። ምርቃቱ ዕለት አዳራሹ ውስጥ ሊታይ፣ እሳቸው ፊት! ስሙን እንኳ ተይልኝ ብዬ ለመንኳት። ስሙን ወስዳ ለብረት ሰጠችው።»

«የዚያን ዕለትስ?»

«ልብስ አጣቢዋ የምትሰርቅበትን ትዕይንት ከምሳ በኋላ ልንቀርጽ ነበር። ጠዋት ለመጨረሻ ጊዜ ለመንኳት። ‹እናትህ ፊልም መች ይገባቸዋል፤ እሳቸው መሆናቸውን አይለዩም፣ አትስጋ› አለችኝ። በአንቱታ ነው የሰደበቻቸው።» ሥርዝ ግድግዳውን ተደገፈ። «ያን ሦስት ደቂቃ ብሬከሩ ጋ ቆሜ ‹ተኝታለች› ማለትን ስለማመድ ነበር። ሲደርስ አፌ እምቢ አለኝ።»

«ሰው ስትገድል እንኳ ጨዋ ነህ» አለ አንድ ዓይና።

«እኔስ?» ያለችው ሽቦ ናት። የውሃውን ጠርሙስ አሁንም ይዛዋለች። «ብሬከሩን እንደበራ ትተኸው ስትሄድ፣ እኔስ?»

ሥርዝ አያት፤ ለማስታወስ እንደሚሞክር ሰው። «ስለ አንቺ አላሰብኩም» አለ።

«አራት ቀን ውሃ ስታመጣልኝም?»

ሳጅኑ የሥርዝን ክንድ ይዞ አወጣው፤ በሩ ላይ ሲደርሱ ሥርዝ ለሳጅኑ መንገድ ለቀቀለት።

ጆሮ ወደ ሽቦ ተጠጋች። «ሽቦዬ፣ እኔ እኮ...»

«አሥር ደቂቃ የት ነበርሽ ብለሽ ብትጠይቂኝ እነግርሽ ነበር» አለች ሽቦ። «ሽንት ቤት ተቀምጬ እያለቀስኩ ነበር። አለቃ ያን ዕለት እኔንም ሰድባኛለች። አንቺ ግን የጠየቅሽው እኔን አይደለም።» ጠርሙሱን ማጠቢያው ማሽን ላይ አስቀምጣ ፊቷን አዞረች።

መምህሩ ጉሮሮውን ጠረገ። «እንግዲህ ነገሩ በዚህ መልክ መፍትሔ ማግኘቱ... የፈረምሽው ወረቀትም ዋጋ የለውም። በሥርዓቱ መሠረት ማመልከቻ ብታስገቢ፣ ኮሚቴው በሚቀጥለው ወር ስብሰባው...»

«አሁን ሄደው ያምጡት» አለች ኢንስፔክተሯ። «እዚሁ እንጠብቃለን።»

«ዲኑ ምናልባት...»

«እንጠብቃለን።»

አሥራ አምስት ደቂቃ ፈጀበት። ላብ አጥምቆት ተመለሰና ወረቀቱን ለኢንስፔክተሯ ዘረጋ። እሷ አልተቀበለችውም፤ በአገጯ ወደ ሽቦ ጠቆመችው። ሽቦ ተቀብላ አየችው፤ ከዚያ ለኢንስፔክተሯ አሳለፈችላት።

ሁለት ወረቀት ነው፤ በስቴፕለር ተያይዟል። ላይኛው በጥሩ ፊደል የተገለበጠና የተፈረመበት ነው። ሥረኛው ረቂቁ ነው፤ ከላይ እስከ ታች በቀይ እስክሪብቶ ታርሟል። «ረሳሁት» የሚለው ተሠርዞ «በቸልተኝነት ዘነጋሁ» ተብሏል። ሁለት የፊደል ግድፈት ተከቧል። የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር «እኔ ነኝ የገደልኳት መሰለኝ» ይላል፤ «መሰለኝ» የሚለው ቃል ላይ ቀጥ ያለ ቀይ መስመር ተሰምሯል።

«‹መሰለኝ› በጽሑፍ ውስጥ ደካማ ቃል ነው ብለው መምህር ናቸው ያወጡልኝ» አለች ሽቦ። «ጸሐፊ የጻፈውን ማመን አለበት አሉኝ።»

ኢንስፔክተሯ መምህሩን አየችው። መምህሩ ወለሉን ያያል፤ ጫማው ውስጥ ውሃ ገብቶበታል።

ሽቦ ረቂቁን መልሳ ወሰደችና ፊቱ ዘረጋችለት።

«መምህር፣ ስንት ያሰጠኛል?» አለች።